የመመለሻ በዓል

ከተማም እንደ ሰው ሁለት ስም ሊኖራት ይችላል፤ አንዱ የወለዷት ያወጡላት፣ ሁለተኛው ዘመን ያመጣላት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በሀዲያ ደጋ ላይ የተቀመጠችው ሆሣዕና ከእነዚህ ባለ ሁለት ስሞች አንዷ ናት። ሀገሬው ቀድሞ ዋቸሞ ይላት ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የአካባቢው ገዥ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው ከተማዋን ሲቆረቁሩ ዕለቱ የሆሣዕና በዓል ሆኖ በመገኘቱ አዲሱ ስም ከበዓሉ እንደ ተወሰደ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በካርታው፣ በደብዳቤው፣ በማኅተሙ ላይ የሰፈረው ሆሣዕና ነው። ዳሩ ግን ስም ከወረቀት ሲወርድ ከሰው አፍ ወዲያው አይወርድም። ዋቸሞ በሽማግሌዎች ጨዋታ ውስጥ፣ በገበያተኛው መንገድ ላይ፣ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ቆይቶ፣ በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሲሰየም እንደገና ወደ ደጃፉ ተመለሰ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

በዚያው ከተማ ሌላም የተመለሰ ስም አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት ከሀዲያ ገዥ ቤት ወጥታ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት የሆነችው እሌኒ፣ ከባለቤቷ ሞት በኋላ በተነሡት ነገሥታት ዘመን ሁሉ ምክሯ የሚሰማ፣ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥም ሀገር ያስተዳደረች፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ እስከ ፖርቱጋል የላከች፣ መንፈሳውያን መጻሕፍትም እንደ ደረሰች የሚነገርላት ሴት ነበረች። ከአባቷ ቤት ከወጣች በኋላ ሕይወቷ በሙሉ በሌላ ምድር አለፈ። ከአምስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ግን ስሟ በሆሣዕና ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ተጽፎ ተገኘ፤ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል። እናቶች በስሟ በተጠራው ቤት ይወልዳሉ፤ የሕክምና ተማሪዎችም በዚያው ቤት ሙያቸውን ይማራሉ።

እነዚህን ሁለት ስሞች ማንሣት ያስፈለገው ስለ አንድ ነገር ለመነጋገር ነው፤ ስለ መመለስ። ተቋማት የልደት ቀናቸውን ሲያከብሩ፣ ይልቁንም ዩኒቨርሲቲዎች አሥረኛ፣ ሃያ አምስተኛ፣ አምሳኛ ዓመታቸውን ቆጥረው የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ሲጠሩ፣ የሚጠሩት ሰው ተመልሶ እንዲመጣ ነውና። ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ራሱ ይህንን ይመሰክራል። ቃሉ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ሥሩ የአውራ በግ ቀንድ ማለት ነው፤ የሚነፋውን ቀንደ መለከት ያመለክታል። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተደነገገው በአምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት ሲነፋ ባሪያው ነጻ ይወጣል፤ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሰውም ሁሉ ወደ ወገኑ ይመለሳል። እንግዲህ የጥንቱ ኢዮቤልዩ ድንኳን ተክሎ መብላትና መጠጣት ብቻ አልነበረም። የሂሳብ ቀን ነበር። ማን ምን ተወሰደበት? ማን ከወገኑ ተለይቶ ቀረ? የሚል ጥያቄ የሚነሣበት ቀን ነበር።

በሀገራችን የዚህ ዓይነቱ በዓል ታላቅ ምሳሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ተቋቋመ። የካናዳው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት የመጀመሪያው ኃላፊው ነበሩ፤ ሥራውንም የጀመረው በ33 ተማሪዎች እንደ ነበር የራሱ የታሪክ ማስታወሻ ይናገራል። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከአብዮቱ በኋላም የዛሬውን ስሙን ያዘ። በ2017 ዓ.ም. 75ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከሠላሳ ሦስቱ ተነሥቶ ወደ አሥር ሺዎች የደረሰ ቤተሰብ ነበረው።

የኪነ ጥበብ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ለይተው ሊያስታውሱ ይገባል። በኮሌጁ ዘመን በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ይከበር ነበር። በዚያ በዓል ላይ ከስፖርቱ ትርኢት ጋር የተማሪዎች ግጥም ይነበብ፣ አሸናፊውም ይሸለም ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ይዞ የቀረበው በዚሁ የበዓል መድረክ ላይ ነው። ሹማምንት በተቀመጡበት፣ ሰው ሁሉ ለደስታ በመጣበት ቀን፣ በዚያ ያልነበረው ሰው እንዲናገር ተደረገ። ድሃው ወደ በዓሉ አልተጠራም፤ ግን በግጥሙ መጣ። ከኮሌጁ የልደት በዓላት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚታወሰው የትኛው ነው ቢባል፣ የቀረው ሰው ቃል የተሰማበት ያ በዓል ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ በዓል የሚከብረው በመጡት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ላልመጡትም በሚሰጠው ስፍራ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሆሣዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ አንጋጫና ወደ ሆመቾ እንመለስ። ለእነዚህ ከተሞች ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸው በ2004 ዓ.ም. ብቻ አልነበረም። ሕንፃው ከመምጣቱ በፊት ዩኒቨርሲቲው ሦስት ጊዜ በእግሩ መጥቷል።

መጀመሪያ የመጣው ሻንጣ አንጠልጥሎ ነው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ፤ የሚበዛውም የተላከው ለማስተማር ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ የእንሰት ቅጠል ምን እንደሚመስል ያየው፣ የገጠሩም ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ነገር በሰው አምሳል ያየው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ የመጣው በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ባሠማራ ጊዜ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በየመንደሩ አዋጁን ያነበቡትና ያስረዱት እነዚሁ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል በዚያው ዘመን ግርግር ሳይመለሱ የቀሩ አሉ።

ሦስተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የጠለቀው አመጣጥ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ዘመቻ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ሀዲይኛና ከምባትኛም ከእነዚህ ቋንቋዎች መካከል ነበሩ። ዘመቻው ብዙም ሳይቆይ የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ከሽልማቱ ይልቅ ግን ሊታሰብ የሚገባው ያቺ አሮጊት ናት። ዕድሜዋን ሁሉ ያወራችበት፣ ልጆቿን ያባበለችበት፣ ሙሾ ያወረደችበት ቋንቋ በፊደል ተጽፎ በኩራዝ ብርሃን ያየች አሮጊት። ለእርሷ የዩኒቨርሲቲው ምሥረታ በዓል ያ ምሽት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕንፃው መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። የሆሣዕናው ከሦስተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች ይቆጠራል፤ በዱራሜም ካምፓስ አለው። ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ የተወለደ የከምባታ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ተራራውን ከዓይኑ ሳያርቅ ሊማር ቻለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሣዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች፤ ከተማዋም ሰፋች፣ ፎቁም በዛ። በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሀዲያ ሆሣዕናን ማልያ ለብሶ የሚጮኸው ወጣት ከተማው ታናሽ የነበረበትን ዘመን አያስታውስም።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚከብደው። ዩኒቨርሲቲ በመጣበት በዚያው ዘመን፣ ከዚያው ምድር፣ የወጣቱ ጉዞ ወደ ደቡብ በርትቷል። ከሆሣዕና እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን አቋርጦ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚደርሰው መንገድ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ውስጥ እንደ ገበያ መንገድ የታወቀ ነው። ምክንያቱ ስውር አይደለም። ምድሩ በሀገሪቱ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር ስፍራዎች አንዱ ነው፤ አባት ከአያት የወረሰው የእንሰት ጓሮ ለአራት ወንድማማቾች ሲከፈል ለጎጆ መሥሪያ እንኳ ይጠባል። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልገው ብዙ፣ የሚገኘው ሥራ ጥቂት ነው። ቀድሞ የሄደው ወንድም ደግሞ ለእናቱ ቤት ሠርቷል፣ ለታናሹ መኪና ገዝቷል፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት አዋጥቷል። ስለዚህ ሂያጁን መውቀስ ቀላል፣ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የመንገዱን ዋጋ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው፣ 14ቱ በሕይወት ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ ከአንድ የጅምላ መቃብር በመጀመሪያ 25 አስከሬን ወጣ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተገመተ፤ ቀጥሎም ሌሎች ተገኙ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባለ አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። የደረሱትም ቢሆኑ በሰላም አልኖሩም፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ ሀገር ሰዎች ላይ የተነሣው ሁከት ከ60 በላይ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ከእነዚህ አኃዞች በስተጀርባ ከየትኛው ቤት ማን እንደ ቀረ የሚያውቁት ስልክ ሳይደወልላቸው የቀሩ እናቶች ናቸው።

ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ፣ ስሙ መጠቀስ በማያስፈልገው አንድ ትምህርት ቤት፣ የምሥረታ በዓልና የቀድሞ ተማሪዎች ጉባኤ ሊዘጋጅ ኮሚቴ ተቀመጠ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በጡረታ የተገለሉ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በጠመኔ የጨረሱ፣ ከኮታቸው ኪስ ዛሬም የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ የሚመስል ሰው ናቸው። ሊቀ መንበሩ ደግሞ የራሳቸው ተማሪ የነበረ ወጣት ነጋዴ ነው። በዓሉ እንዲያምር ይፈልጋል፤ ክፋት የለበትም። ከከፍተኛ ደረጃ የደረሱ የቀድሞ ተማሪዎች ስም ተመርጦ ወጣ፤ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ኃላፊው፣ ባለሀብቱ። ከናቴራው ታተመ፣ ኬኩ ታዘዘ፣ የድምፅ ማጉያውም ተከራየ።

መምህሩ በዝምታ ሲሰሙ ቆይተው ከያዙት ፌስታል ውስጥ አንድ አሮጌ መዝገብ አወጡ። ጠርዙ የተበላ፣ ጀርባው በጨርቅ የተለጠፈ የስም መጥሪያ መዝገብ ነበር።

«ይህ ይነበብ» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው። «ጋሼ፣ ይህ እኮ የሁሉም ስም ነው።»

«አዎን፣ የሁሉም ነው።»

«ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እዚህ የሉም። አንዳንዶቹም…» ብሎ አቋረጠ። «ጋሼ፣ የጠራነው ሰውን ለደስታ ነው። ለቅሶ እንዳናደርግብዎት ብዬ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ ኖሬአለሁ። ልጅ ቀረ ብዬ ስሙን ዘልዬ አላውቅም። ጠርቼ፣ ጠብቄ፣ ካጣሁት ቀሪ ብዬ እጽፋለሁ። ስሙ ካልተጠራማ መቅረቱን በምን እናውቃለን?»

ኮሚቴው ለረጅም ሰዓት ተከራከረ። በመጨረሻ ከምሳ በፊት ሩብ ሰዓት ይሰጣቸው ተባለ፤ አንድ ክፍል ብቻ፣ የአንድ ዓመት ተማሪዎች ብቻ።

ቀኑ ደርሶ መምህሩ መድረክ ላይ ወጡ። ንግግር አላደረጉም። መዝገቡን ዘርግተው እንደ ድሮው መጥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ሸበቶ የጀመረው ሰው «አቤት!» ብሎ እንደ ልጅ ሲነሣ ማን አይስቅም። ሁለተኛው ስም ሲጠራ ባለቤቱ ስላልነበረ ጎረቤቱ «ሾኔ ነው፣ ያስተምራል» አለ። ሦስተኛው «ጆሃንስበርግ»። አራተኛዋ «አቤት»። አምስተኛው «ደርባን»። ስድስተኛው «እኔ ነኝ፣ መምህር፣ ዶዮገና ነው ያለሁት»። ሰባተኛው «ኬፕ ታውን፣ ትናንት ደውሎ ሰላም በሉልኝ ብሏል»። ሳቁ እየቀነሰ፣ ጆሮ እየቆመ ሄደ። ሰው ሁሉ የቀጣዩን ስም ይጠብቅ ጀመር፤ መዝገቡ ውስጥ የየራሱ ሰው ነበረውና።

ከመካከል አንድ ስም ተጠራ። መልስ የለም። መምህሩ እንደ ልማዳቸው ጠበቁ፤ ደግመው ጠሩ። አዳራሹ ውስጥ ብዙዎች የሚያውቁት ነገር ነበርና ዓይኖች ወደ መሬት ወረዱ። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን የደረበች አንዲት እናት ተነሣች። ማን እንደ ጠራት አይታወቅም፤ የጥሪ ወረቀትም አልተላከላትም።

«አቤት» አለች።

መምህሩ ቀና ብለው አዩአት። «እናቴ፣ የእርስዎ ልጅ ነው?»

«የእኔ ነው። በመንገድ ቀረ። የወጣው ግን ከዚህ ነው፤ ከዚህ ቤት ነው የተማረው። ስሙ ሲጠራ ሰምቼ ዝም ልበል?»

መምህሩ እስክሪብቷቸውን እንደ ያዙ ቆዩ። ቀሪ ብለው አልጻፉም። ቀጥለው የሚቀጥለውን ስም ጠሩ፤ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ሩብ ሰዓት የተባለው ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ፤ ምሳው ይቀዘቅዛል ያለ ሰው አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ራሱ ከመድረኩ ወርዶ ያቺን እናት ከፊት መደዳ፣ ለክብር እንግዳ ከተዘጋጀው ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ከዚህ ትንሽ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለታላላቆቹም ዩኒቨርሲቲዎች የሚያገለግል ነው። የምሩቃን ጉባኤ የስኬት ትርኢት ብቻ ከሆነ፣ የተሳካለት ለተሳካለት አጨብጭቦ ይለያያል፤ ያልተሳካለትም ከሩቅ ሰምቶ ይበልጥ ይርቃል። ሥራ አጥቶ ከቤቱ የተቀመጠ ምሩቅ ወደ እንዲህ ያለ በዓል አይመጣም፤ የሚለብሰው አጥቶ አይደለም፣ «አሁን ምን ትሠራለህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሰው ስለሌለው ነው። ሊሰደድ ሻንጣውን ያዘጋጀውም አይመጣም። ይሁንና በዓሉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

ደግነቱ የሀዲያና የከምባታ ሕዝብ የመመለሻን በዓል ከማንም መማር አያስፈልገውም። ሀዲያ ያሆዴ፣ ከምባታ መሳላ ብሎ የሚያከብረው የመስከረም በዓል ከጥንት ጀምሮ የመመለሻ በዓል ነው። በመስከረም ወር ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከየእርሻ ልማቱና ከየፋብሪካው የሚመለሰው ሰው መኪናውን ሁሉ ይሞላዋል። ይህ በዓል እንዴት እንደሚዘጋጅ የተመለከተ ሰው ብዙ ይማራል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር እያጠራቀሙ በሬውን በጋራ ይገዛሉ፤ አንዱ ደኻ፣ አንዱ ሀብታም ቢሆንም ሥጋው የሚከፈለው በእኩል ነው። ሴቶቹ በየተራ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ያ ቅቤ ከቡላውና ከአይቡ ጋር አታካና ሆኖ ይቀርባል። የተጣላ ሰው ከበዓሉ በፊት ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ከማዕድ መቀመጥ ነውር ነው። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። የመጣው ሰው ምን ይዞ መጣ ተብሎ አይመዘንም፤ መምጣቱ ይበቃል። ያልመጣውም «ምን አግኝቶት ይሆን?» ተብሎ ስሙ በእሳቱ ዙሪያ ይነሣል።

ከዚህ የበለጠ የምሩቃን ጉባኤ መመሪያ ከየት ይመጣል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ኮሌጆቻችን በዓላቸውን ሲያዘጋጁ ከያሆዴና ከመሳላ አራት ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። አንደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ማጠራቀም። በሬው በአንድ ቀን እንደማይገዛ ሁሉ የምሩቃን ማኅበርም በበዓሉ ዕለት በሚሰበሰብ ጭብጨባ አይቆምም፤ እያንዳንዱ የምረቃ ዓመት በየወሩ ጥቂት እያዋጣ አንድ ድኻ ተማሪ ቢያስተምር፣ አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ ቢሞላ፣ አንድ ሥራ ፈላጊ ምሩቅ የሚጀምርበትን መሣሪያ ቢገዛ በአምስት ዓመት የሚታይ ሥራ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ክፍያው እኩል ይሁን። ጆሃንስበርግ ያለው ነጋዴና በገጠር ትምህርት ቤት ያለው መምህር በአንድ ወንበር ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ ዕርቅ። ወጣቱ ትምህርትን «ምን አደረገልኝ?» ብሎ የተቀየመበት ዘመን ነውና፣ ቅያሜው በግልጽ ይነገር፤ መንገዱን ሄዶ የተመለሰውም ያየውን ለሚቀጥለው ሳያጋንን፣ ሳይደብቅ ይንገር። የአንድ ተመላሽ ቃል ከመቶ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። አራተኛ፣ ስም መጥራት። መዝገቡ ሙሉ ይሁን።

የኪነ ጥበብ ሰዎች ድርሻ ከዚህ አራተኛው ላይ ነው። ባለሥልጣኑ የሕንፃውን ቁጥር፣ ሬጅስትራሩ የምሩቁን ቁጥር ይናገራል፤ ያ ሥራቸው ነው። ቁጥሩን ወደ ስም፣ ስሙን ወደ ሰው የሚመልሰው ግን ገጣሚው፣ ዘፋኙ፣ ተውኔት ጸሐፊው ነው። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጁ መድረክ ላይ ድሃው እንደ ተናገረ ሁሉ፣ ዛሬም በሆሣዕናና በዱራሜ መድረክ ላይ የቀረው ልጅ ሊናገር ይገባል፤ በአማርኛ፣ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ። ለዚህ የሚበቃ የቃል ሀብት በምድሩ ሞልቶ ተርፏል።

የእነዚህ ደጋዎች ገበሬ እንሰት ሲያራባ የሚያደርገውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያልጎመራውን እንሰት ከግንዱ ይቆርጥና ሥሩን ከነፍግ አፈር አልብሶ ይቀብረዋል። ከተቀበረው አንድ ሥር ብዙ ፍልፍል ይወጣል። ፍልፍሉ ተነቅሎ አንድ ጊዜ ይተከላል፤ እንደገና ተነቅሎ ሌላ ስፍራ ይተከላል፤ በመጨረሻ ከጓሮው ጸንቶ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ተከለውም ተነቀለውም ገበሬው የእያንዳንዱን ረድፍ ያውቃል፤ የደረቀው የትኛው እንደ ሆነ፣ የጸደቀው የትኛው እንደ ሆነ እየተዘዋወረ ያያል። ባለቤት የሌለው ጓሮ የሚታወቀው የደረቀውን የሚቆጥር ሲጠፋ ነው።

ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው ነው። ልጆቹ ይነቀላሉ፤ ይተከላሉ፤ ሩቅ ሀገር የሚጸድቁም አሉ፣ በመንገድ የሚደርቁም አሉ። የዋቸሞ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሷል። የእሌኒ ስም ከአምስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ተመልሷል። የእነዚያ ልጆች ስም ግን ያን ያህል ዘመን መጠበቅ የለበትም። መምህሩ መዝገባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። የሚቀጥለው በዓል ሲደርስ ከሌላው ክፍል ይጀምራሉ።